የአባዬ ወረቀት

አባዬ ኑዛዜውን የጻፈው በካሬ ደብተር ወረቀት ላይ ነው። ከመሃል ሁለት ቅጠል ገንጥሎ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ በዚያ እያንዳንዷን ፊደል ለብቻዋ በሚያቆማት የእጅ ጽሑፉ። ከላይ «ኑዛዜ» ብሎ ሁለት ጊዜ አስምሮበታል። ቀን ጽፏል። ሁለቱም ቅጠል ላይ ፈርሟል። ከዚያ አጣጥፎ በአሮጌ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ፣ ከካርታው ኮፒና ከውሃ ደረሰኞች ስር አኖረው። እኛ ልጆቹ ያገኘነው አርባው ከወጣ በኋላ ነው። ያኔ ወረቀቱ ከተጻፈ አስራ አንድ ዓመት ሆኖት ነበር።

ታላቅ እህቴ ጮክ ብላ አነበበችው። የአባዬ ድምፅ ያለበት ወረቀት ነው። «ጓሮ ያለችው ሰርቪስ ቤት ለትንሿ ልጄ ትሁን፤ እናቷ በታመመች ጊዜ ትምህርቷን ትታ ቤት የዋለች እሷ ናትና» ይላል። እማዬ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ዝም አለች። ትንሿ እህቴ ተነስታ ወጣች። ያን ቀን ማናችንም የምንለው አልነበረንም።

ወረቀቱን ያየልን ጠበቃ ግን መጀመሪያ ያነበበው ስለ ሰርቪሷ የተጻፈውን አይደለም። ቀኑን ነው። «ይህን ፍርድ ቤት ወይም ውልና ማስረጃ አስቀምጦት ነበር?» ብሎ ጠየቀን። አላስቀመጠውም። ሰውየው መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አደረገና በሕይወቴ ሰምቼው የማላውቀውን ነገር ነገረን። አንድ ሰው በራሱ እጅ የጻፈው ኑዛዜ፣ በተጻፈ በ7 ዓመት ውስጥ አዋዋይ ዘንድ ወይም ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠ ይፈርሳል። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 903። አባዬ ቀኑን፣ ፊርማውን፣ የእጅ ጽሑፉን ሁሉን አሟልቷል። የቀረው አንድ የታክሲ መንገድ ብቻ ነበር።

ኑዛዜ ሲፈርስ ንብረቱ ኑዛዜ እንዳልነበረ ሆኖ ይከፈላል። የቤቱ ግማሽ የእማዬ ነው፤ በትዳር ያፈሩት ስለሆነ። የቀረው የአባዬ ግማሽ ለአምስታችን እኩል፣ ማለትም ለእያንዳንዳችን ከመላው ቤት አንድ አስረኛ። በእርግጥ ወራሾች ከተስማሙ የሟቹን ቃል እንዳለ ማክበር ይችላሉ፤ ማንም አይከለክላቸውም። አራታችን ተስማማን። አንዱ ወንድሜ አልተስማማም። እሱም ልጆች አሉት፣ ኪራይ ላይ ነው፣ ወሩ ሲደርስ የሚያደርገውን ያጣል። «ሕጉ የሰጠኝን ነው የጠየቅኩት» አለ። ዋሸ ማለት አልችልም። ሁለት ፋሲካ ተለያይተን ከዋልን በኋላ አራታችን ገንዘብ አዋጥተን የሰርቪሷን ድርሻውን ከፈልነውና ተፈታ። ወንድሜን ዛሬም እወደዋለሁ። ግን በእነዚያ ሁለት ዓመታት ልጆቻችን የአጎታቸውን ልጆች ሳያዩ ቁመት ጨመሩ፤ እሱ ነው እስካሁን የሚያንገበግበኝ።

ይህን የምጽፈው ጠበቃ ሆኜ አይደለም። የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፣ የሦስት ልጆች እናት ነኝ፣ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው የምንኖረው። ከዚያ የአባዬ ነገር በኋላ ግን በ1952 ዓ.ም. የወጣውን የፍትሐ ብሔር ሕግ ገዝቼ የውርሱን ክፍል ማታ ማታ ልጆቹ ሲተኙ ማንበብ ጀመርኩ። አማርኛው ትንሽ ይከብዳል፤ ቀስ ብሎ ላነበበው ግን ይገባል። እያነበብኩ ስሄድ ስለ አባዬ ማሰቡን ትቼ ስለ ራሳችን ማሰብ ጀመርኩ። የእኛ ሰፈር ሰው ባብዛኛው ወጣት ባለትዳር ነው። ቤቱን ገና እየከፈለ፣ ልጅ እየወለደ፣ ልጅ እያስተማረ ያለ። ብሎካችን ዕድር አለው፤ ድንኳኑም ወንበሩም ተዘጋጅቶ ተቀምጧል። ለቀብሩ ተዘጋጅተናል ማለት ነው። ከቀብሩ በኋላ ላለው ነገር ኑዛዜ ያለው ሰው አለ ወይ ብዬ አንድ ቀን ቡና ላይ ሴቶቹን ስጠይቅ፣ አንዷ «ኧረ በስመአብ በይ!» አለችኝና ወሬው ተቀየረ።

ከሁሉ ያስደነገጠኝን ልንገራችሁ። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሚስት የባሏ ወራሽ አይደለችም። ባልም የሚስቱ ወራሽ አይደለም። ኑዛዜ ከሌለ ወራሾቹ በመጀመሪያ ልጆች ናቸው፣ እኩል በእኩል፤ በጋብቻ የተወለደ፣ ከጋብቻ ውጭ የተወለደ፣ በጉዲፈቻ የመጣ ልዩነት የለውም። ልጅ ከሌለ አባትና እናት። እነሱ ከሌሉ በእነሱ ፈንታ ወንድምና እህት። እንዲህ እያለ ወደ አያት፣ ወደ ቅድመ አያት ይሄዳል፤ ማንም ካልተገኘ መንግሥት ይወስደዋል። ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የትዳር ጓደኛ የሚል ቃል የለበትም። ሚስት የምታገኘው የጋራ ንብረቱን ግማሽ ነው፤ እሱም ስለወረሰች ሳይሆን መጀመሪያውኑ የራሷ ስለሆነ። ሁለቱም ወገኖች ተስማምተው ጉዳያቸውን ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት የሚወስዱ ሙስሊም ቤተሰቦች ጋር ነገሩ ሌላ ነው። እዚያ ሚስት የራሷ ድርሻ አላት፤ ሟቹ ልጅ ካለው አንድ ስምንተኛ፣ ከሌለው አንድ አራተኛ።

ይህ ነገር በተግባር ምን እንደሚመስል ያየሁት አንዲት ጎረቤቴ ላይ ነው። በተጋቡ በአራተኛው ዓመት ባሏ በመኪና አደጋ ሞተ። ልጅ አልወለዱም ነበር። ኮንዶሚኒየሙ በትዳር ውስጥ የተከፈለ ነው፤ ካርታው ላይ ያለው ስም ግን የእሱ ብቻ ነው። እሷ ቤቱ የእሷ ነው ብላ አንድም ቀን ተጠራጥራ አታውቅም። ግማሹ ግን የባሏ አባትና እናት ሆነ። አማቷ ደግ ሰው ናቸው። ከገጠር መጥተው ሳሎኗ ውስጥ ቁጭ ብለው «ልጄ፣ እኔ ከአንቺ ምን እፈልጋለሁ፣ ኑሪበት» አሏት፤ ከልባቸው ነው። ስለዚህ ማንም ወረቀት አልጻፈም፣ ማንም ፍርድ ቤት አልሄደም። ዓመት ሳይሞላ እሳቸውም አረፉ። የእሳቸው ድርሻ ደግሞ በተራው ወደ ልጆቻቸው ሄደ። እሷ በሠርጓ ቀንና በለቅሶው ብቻ ካየቻቸው አራት የባሏ ወንድሞች ጋር የአንድ ቤት ባለድርሻ ሆነች። ባሏ ግማሽ ገጽ ኑዛዜ ጽፎ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር።

ሰዉ ደግሞ «ውክልና አለኝ» እያለ ይጽናናል። ይሄን ደጋግሜ እሰማለሁ። ባል ለሚስቱ ጠቅላላ ውክልና ይሰጣል፣ ውጭ አገር ያለው ወንድም ቤት ለሚያሠራለት ወንድሙ ውክልና ይልካል፣ ሁሉም ያ ወረቀት ለክፉ ቀን ይሆነኛል ይላል። ውክልና ግን የሰጠው ሰው ሲሞት አብሮ ያበቃል። ለክፉ ቀን ብላችሁ ያስቀመጣችሁት ወረቀት በዚያው በክፉው ቀን ዋጋ ያጣል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ፍርድ ቤት ነው። ከወረዳው ወሳኝ ኩነት የሞት ምስክር ወረቀት ታወጣላችሁ። የጋብቻና የልደት ማስረጃ ታያይዛላችሁ። ምስክሮች ይዛችሁ የወራሽነት ማረጋገጫ ትጠይቃላችሁ፤ አዲስ አበባ ላይ ይህን የሚሰጡት የከተማው ፍርድ ቤቶች ናቸው። ባንክም ሆነ መሬት አስተዳደር የሚቀበለው እሱን ነው። ክርክር ከሌለ ያልቃል። ክርክር ካለ ውርስ አጣሪ ይሾማል፣ ንብረቱ ይመዘገባል፣ ዕዳው ይጣራል፤ የዚያን ጊዜ ርዝመት የሚያውቀው ያለፈበት ሰው ነው።

አንድ ማታ ልጆቹ ተኝተው ለባለቤቴ ነገርኩት። ያኔ ሁለት ልጆች ነበሩን። ቴሌቪዥን እያየ ነበር። «ምነው፣ ምን አሳየሽ?» አለኝ፤ እንደ ሟርት ነው የቆጠረው። የጎረቤቴን ነገር አስታወስኩት፣ እሱም ያውቀዋል፣ ለቅሶው ላይ ሬሳ ከተሸከሙት አንዱ ነበር። ድምፁን ቀነሰ። «ማለት እኔ ዛሬ ብሞት ይሄ ቤት…» ብሎ ጀመረና አልጨረሰውም። ግማሹ የእኔ፣ ግማሹ የልጆቹ እንደሚሆን ነገርኩት። «ታዲያ የልጆቹ የአንቺ አይደል?» አለ። አይደለም። ልጆቹ 18 ዓመት እስኪሞላቸው የእነሱን ድርሻ በሞግዚትነት አስተዳድራለሁ፤ ቤቱን ሸጬ ወደ እናቴ ሰፈር ልዙር ብል ግን የልጆቹን ድርሻ ለመሸጥ የፍርድ ቤት ፈቃድ ያስፈልገኛል። ይህን ሕጉ ለልጆቹ ብሎ ነው ያደረገው፣ አልቃወመውም። ግን አስቀድሞ አውቆ መዘጋጀትና በለቅሶ ማግስት መስማት ለየቅል ናቸው።

ንብረቱ ቀላሉ ነበር። ሌሊት ስድስት ሰዓት ድረስ ያስቀመጠን ሌላ ጥያቄ ነው፦ ሁለታችንም ባንኖር ልጆቹን ማን ያሳድጋቸዋል?

በአዲስ አበባ በሚሠራበት የ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አንዱ ወላጅ ሲሞት ሌላው ብቻውን አሳዳሪና ሞግዚት ይሆናል። ሁለቱም ካለፉ ግን መጨረሻ የሞተው ወላጅ በኑዛዜው የሰየመው ሰው አለ ወይ ይባላል። ከሌለ ከዘመድ መሃል ይፈለጋል። እኛ ደግሞ ዘመድ ሞልቶናል፤ የሚያስፈራኝም እሱ ነበር፤ ሁሉም ይወዷቸዋል፣ ሁሉም ልውሰድ ይላሉ፣ ልጆቹ አንዱ ከአንዱ ይለያያሉ። ባለቤቴ ወዲያው «ታላቅ እህትሽ» አለ። እህቴ ቤትም ገንዘብም አላት። ግን ልጆቼ እሷ ቤት ሲያድሩ ጠዋት ላይ ጸጥ ብለው አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ነው የማገኛቸው። እኔ የእሱን ትንሿን እህት አልኩ። አንዲት ክፍል ቤት ነው ያላት፣ ደሞዟም ትንሽ ነው፤ ግን ትልቋ ልጄ ስትታመም ከእኔ ቀጥሎ የምትጠራው እሷን ነው። እሱ ገንዘቡ አሳሰበው። እኔ የልጅቷ ጠዋት አሳሰበኝ። ሕጉ እዚህ ላይ የልብ የሚያደርስ ነገር አለው፤ አሳዳሪ ልጁን የሚያሳድግ ነው፣ ሞግዚት ገንዘብና ንብረቱን የሚጠብቅ ነው፣ አንድ ሰው መሆን ግዴታ የለባቸውም። የእሱን እህት አሳዳሪ፣ የእኔን እህት ሞግዚት አደረግን። ከመጻፋችን በፊት ሁለቱንም ቤታቸው ድረስ ሄደን ጠየቅናቸው። ትንሿ አለቀሰች። «እናንተ ኑሩልኝ እንጂ» አለች፣ ከዚያ «እሺ» አለች።

ለመጻፍ ስንቀመጥ አንድ ወረቀት ላይ አብረን ልንጽፍ ነበር። ባልና ሚስት ነን፣ ሐሳባችን አንድ ነው፣ ለምን ሁለት? ዕድሜ ለዚያ መጽሐፍ፣ ቁጥር 858 ላይ ቆምኩ። ሁለት ሰዎች በአንድ ወረቀት ላይ የሚያደርጉት ኑዛዜ ዋጋ የለውም። ለእሱ አንድ፣ ለእኔ አንድ ሆነ። የቃል ኑዛዜም ነገር እንዲሁ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። አልጋ ላይ ያለ ሰው በሁለት ምስክር ፊት ተናግሮ ቤቱን ለእከሌ ሰጠ ሲባል እንሰማለን። የቃል ኑዛዜ ቤት አያሰጥም። ስለ ቀብር ሥርዓት፣ ስለ ልጆች አሳዳሪና ሞግዚት፣ ከዚያም እያንዳንዱ ከ500 ብር የማይበልጥ ስጦታ፤ በቃ። ያ 500 ብር በ1952 ትልቅ ገንዘብ ነበር፤ ሕጉ ላይ ዛሬም እንደተጻፈ አለ። ተናጋሪው ድኖ ሦስት ወር ከኖረ ደግሞ ያም ቃል ይፈርሳል።

እኛ የመረጥነው በግልጽ የሚደረግ የሚባለውን ኑዛዜ ነው። ራስህ ልትጽፈው ትችላለህ፣ ሌላ ሰውም እየነገርከው ሊጽፈው ይችላል። በአንተና በአራት ምስክሮች ፊት መነበብ አለበት። መነበቡና ቀኑ እዚያው ወረቀት ላይ መጻፍ አለበት፤ ተነቦ ሳይጻፍ ቢቀር ኑዛዜው አይጸናም። ከዚያ ሁሉም እዚያው ወዲያውኑ ይፈርማሉ። ከምስክሮቹ አንዱ ዳኛ፣ የፍርድ ቤት ሬጅስትራር (መዝገብ ያዥ) ወይም አዋዋይ በሥራው ላይ ሆኖ ከተገኘ ሁለት ምስክር ይበቃል። እኛ ሁለቱንም ቤታችን አድርገን፣ በኋላ ውልና ማስረጃ ወስደን አስመዘገብናቸው፤ አሁን ስሙ የሰነዶች ማረጋገጥና ምዝገባ ቢሆንም ሰዉ የሚያውቀው በድሮው ነው። ምስክሮቹን ከንብረታችን ምንም የማይደርሳቸው ሰዎች አደረግናቸው፤ የዕድሩ ጸሐፊ፣ ሁለት ጎረቤቶች፣ አንድ የባለቤቴ የሥራ ባልደረባ። ይዘቱን ደግሞ አስቀድመን ለጠበቃ አሳየን፤ ልጅን ያለ ምክንያት ከውርስ መንቀል ስለማይቻል ሳናውቀው ያንን እንዳንነካ ፈርተን። በመሃላችን የቀረው ሰው ቤቱ ውስጥ የመኖር መብት እንዲኖረው፣ የቤት ዕቃው ለእሱ እንዲሆን፣ የልጆቹ አሳዳሪና ሞግዚት እነማን እንደሆኑ፤ ይሄው ነው ኑዛዜያችን።

የዕድራችን ጸሐፊ የባለቤቴን ሲያነብ እኔ ወጥ ቤት በር ላይ ቆሜ ነበር። «እኔ ከዚህ በታች ስሜ የተገለጸው…» ብሎ ሲጀምር እጄ ቀዘቀዘ። በሕይወት ያለ ባልን ኑዛዜ ሲነበብ መስማት ከባድ ነው። እሱ ግን ሶፋው ላይ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ እንደ ተማሪ ያዳምጣል። ሲያልቅ ጸሐፊው «ቃልዎ ይሄ ነው?» አለው። «አዎ፣ ቃሌ ነው» አለ። ትንሹ ልጄ በመሃል ገብቶ ጉልበቱ ላይ ወጣ። እስክሪብቶውን ከእጁ ሊነጥቀው እየታገለ ነው የፈረመው፤ ፊርማው ትንሽ ተጣሟል።

ከዚያ ሦስተኛዋ ልጃችን ተወለደች። አራስ ቤት ሆኜ ነው ያስታወስኩት። ቁጥር 905፦ ኑዛዜ ከተደረገ በኋላ ለተናዛዡ ልጅ ከተወለደና ልጁ ውርሱን ከተቀበለ፣ በኑዛዜው የተሰጡ ስጦታዎች ይፈርሳሉ። ዳኛው አይቶ ሊያጸናው የሚችልበት መንገድ አለ፤ ግን ያ ለዳኛ የተተወ ነው። የጻፍነውን ሁሉ የአንዲት ሕፃን መምጣት አናግቶታል። ሳስበው ደግሞ ሕጉ ልክ ነው፤ ወረቀቱ ስለማያውቃት ልጅ ወረቀቱ ሊወስንባት አይገባም። ክርስትናዋ ካለፈ በኋላ እነዚያኑ አራት ሰዎች ጠራን፣ ስሟን ጨምረን እንደገና አስነበብን፣ የድሮውን ሽረናል ብለን ጻፍን። ልጅ እየወለዳችሁ ያላችሁ ሁሉ፣ ይሄን አደራ። የተፋታችሁም እንዲሁ። ለትዳር ጓደኛ የተሰጠ ስጦታ ትዳሩ ሲፈርስ አብሮ ይፈርሳል።

ሌላ አንድ ነገር ጨመርኩ፣ ይሄ የሒሳብ ሰው ልማዴ ነው። ከኑዛዜው ጋር «ያለንና ያለብን» የሚል አንድ ገጽ አለ። የባንክ ሒሳቦቹ የት የት እንዳሉ፣ ዕቁቡ ስንተኛው ዙር ላይ እንደሆነ፣ የቤቱ ዕዳ ምን ያህል እንደቀረ፣ ለማን አበድረን ከማን እንደተበደርን፣ የሕይወት መድኑ ላይ ተጠቃሚ ተብሎ የተጻፈው ማን እንደሆነ። ጡረታ ከውርስ ንብረት አይቆጠርም፣ በራሱ ሕግ ነው የሚሄደው፤ ቢሆንም የጡረታ መለያ ቁጥራችንን ጽፌዋለሁ። በየመስከረሙ አዲሱን ዓመት ስናከብር አወጣውና አስተካክለዋለሁ። ትልቋ ልጄ አስራ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ፖስታው የት እንዳለ ታውቃለች። ምን እንዳለበት አልነገርኳትም፣ አልጠየቀችኝምም።

ባለፈው ክረምት እማዬ ራሷ ጠራችኝ። «ያንቺን ወረቀት ለእኔም አድርጊልኝ፤ እንደ አባትሽ አልሁን» አለች። እማዬ ፊደል ቆጥራለች፣ ግን እጇ ስለሚንቀጠቀጥ መጻፍ አትችልም። እኔ ወራሽ ስለሆንኩ እስክሪብቶውን አልያዝኩም። ጎረቤቷ የነበሩት ጡረተኛ መምህር ጻፉላት። አራቱ ምስክሮች ግድግዳውን ይዘው ተቀመጡ። ወንድሜም መጥቷል፣ ያው ወንድሜ፤ ውጭ ሰርቪሷ በር ላይ ከትንሿ እህቴ ጋር ያወራል። መምህሩ «ይናገሩ፣ እማማ» አሏት። ከቤቱ ትጀምራለች ብዬ ጠብቄ ነበር። «መጀመሪያ ለጎረቤቴ የሁለት መቶ ብር የበርበሬ አለብኝ፣ እሱን ጻፉ» አለች። መምህሩ ቀና ብለው አዩኝና ጻፉት። ቀጥላ የአንገት መስቀሏን፣ ከዚያ የቤቱን ድርሻዋን ተናገረች። ሲነበብላት ዓይኗን ጨፍና ሰማች፣ አንድ ቦታ ላይ «እዚያ ላይ እንደገና» አለች፣ ተደገመላት። ቀለሙ መጣ፣ አውራ ጣቷን ይዤ ወረቀቱ ላይ አሳረፍኩት፣ ሁለቱም ገጽ ላይ። ሲያልቅ ጣቷን ወደ ላይ አድርጋ የምትጠርግበት ፈለገች። ወንድሜ ገባ ብሎ መሐረቡን ሰጣት።